ሂሳባችሁን የሚፈርመው ሰው ፈቃድ አለው?

አክስቴ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አላት። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋዘን ለመጨመር ብድር ፈለገች። ባንኩ ኦዲት የተደረገ የሁለት ዓመት ሂሳብ አምጪ አላት። ሰፈር ውስጥ "ሂሳብ ይሠራል" የሚባል ሰው ነበር፤ ግብሯንም ለዓመታት የሠራላት እሱ ነው። በሦስት ቀን አዘጋጅቶ አመጣላት። ሽፋኑ ያማረ፣ በስፓይራል የተጠረዘ፣ መጨረሻው ላይ ሰማያዊ ማህተም ያረፈበት።

የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ሰነዱን ስትቀበል ከፊት አልጀመረችም። በቀጥታ ኦዲተሩ የፈረመበትን ገጽ ገለጠች። በማህተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና "እትዬ፣ ይሄ ሰው የሂሳብ አዋቂ እንጂ ኦዲተር አይደለም፤ ልቀበልልሽ አልችልም" አለቻት። የከፈለችው ገንዘብ ቀረ። ብድሩም ዘገየ፤ እስኪለቀቅ ድረስ የሲሚንቶ ዋጋ ሌላ ሆኖ ጠበቃት።

እኔ አካውንቲንግ ተምሬ፣ በዚሁ ከተማ በሂሳብ ሥራ ስኖር፣ አንድ ቀን እንኳ "ማነው የሚፈርምልሽ?" ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ሱቅ፣ መጋዘን፣ የቡና ማጠቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም ማህበር ለምታስተዳድሩ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈቃዱን ራሳቸው ማግኘት ለሚፈልጉ ወጣቶች ጥቂት እላለሁ።

አንድ ስም፣ አራት ሰው

"አካውንታንት" የምንለው ቃል ችግር አለበት። አራት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም ይጠራል። መጀመሪያ እነሱን እንለያቸው።

አንደኛው ተቀጣሪ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ደመወዝ እየከፈላችሁት ደረሰኝ ይሰበስባል፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ይመዘግባል፣ ፔይሮል ይሠራል፣ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ያስታርቃል። ይህ ሰው የናንተ ሠራተኛ ነው። የሚሠራው በናንተ ስም ነው፣ ለሠራው የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ። ጥሩ ሠራተኛ ወርቅ ነው፤ ግን የራሱን ሥራ ራሱ "ትክክል ነው" ብሎ ለሦስተኛ ወገን ሊመሰክር አይችልም።

ሁለተኛው የተፈቀደለት የሂሳብ አዋቂ ነው። ቢሮ ከፍቶ ለሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። መዝገብ ይይዝላችኋል፣ የሂሳብ መግለጫ ያዘጋጅላችኋል። ኦዲት ግን አያደርግም። የአክስቴ ሰውዬ እዚህ ላይ ነበር።

ሦስተኛው የተፈቀደለት ኦዲተር ነው። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሂሳብ ከውጭ ሆኖ መርምሮ አስተያየቱን በፊርማው ይሰጣል። ባንክ፣ ለጋሽ ድርጅት፣ ባለአክሲዮን የሚፈልገው የዚህን ሰው ፊርማ ነው።

አራተኛው የታክስ ወኪል ነው። ግብር ቢሮ ሄዶ እናንተን ወክሎ የሚያስታውቅ፣ የሚከራከር። የዚህ ሰው ፈቃድ ከሌላ ሕግ ነው የሚመጣው፣ ከታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008። ፈቃዱንም የሚሰጠው የታክስ ባለሥልጣኑ ነው።

አንድ ሰው ከነዚህ ወረቀቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሊይዝ ይችላል። ግን አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም። ግብሬን ለአሥር ዓመት በደንብ ሠርቶልኛል ማለት ኦዲት ሊያደርግልኝ ይችላል ማለት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል

ዋናው ሕግ የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። ከሱ በፊት የግል ኦዲተሮችንና የሂሳብ አዋቂዎችን ይመዘግብ የነበረው የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር፤ የመንግሥትን ሂሳብ ከመመርመሩ ሥራ ጋር ደርቦ። ሂሳብ በምን ደረጃ ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም። አንዱ ድርጅት በዚህ መንገድ ይሠራል፣ ሌላው በዚያ። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ግምገማ ጠንካራ ተቆጣጣሪና አንድ ወጥ ደረጃ እንደሚያስፈልግ ጠቁሞ ነበር።

አዋጁ ከወጣ በኋላ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ተጠሪነቱ ለገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ሰዎች ቦርዱን ፈቃድ ማደያ ብቻ አድርገው ያዩታል። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ይመዘግባል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ያድሳል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል። ፈቃድ ያለው ኦዲተር ሥራውን እንዴት እንደሠራ ፋይሉን ከፍቶ ይመረምራል። ሂሳብ የሚዘጋጅበትን ደረጃም የሚያስፈጽመው እሱ ነው።

ደረጃው ዓለም አቀፍ ነው። ብዙዎቻችሁ "አይኤፍአርኤስ" (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ሲባል ሰምታችኋል። መርሐ ግብሩ በሦስት ዙር ነበር የወጣው። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ከሐምሌ 1 ቀን 2009፣ ሌሎች የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ከሐምሌ 1 ቀን 2010፣ አነስተኛና መካከለኛዎቹ ከሐምሌ 1 ቀን 2011። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ቀለል ያለ የራሳቸው ደረጃ አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው "አይኤፍአርኤስ ስለሆነ" ብሎ ዋጋ እጥፍ ሲጠይቃችሁ፣ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁት። ለባንክ የተጻፈው ሙሉው ደረጃና ለአንድ የቆርቆሮ ነጋዴ የሚያስፈልገው እኩል አይደሉም።

ኦዲት የግድ የሚሆነው ለማን ነው? አክሲዮን ማህበር ከሆናችሁ ኦዲተር በጠቅላላ ጉባኤ ትሾማላችሁ፤ የ2013ቱን የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243ን አንብቡ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆናችሁ ይህንኑ ሕግና የመመስረቻ ጽሑፋችሁን አብራችሁ ተመልከቱ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶችም ዓመታዊ የኦዲት ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እንደ አክስቴ የግል ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገድዳችሁ ባንኩ ወይም ጨረታው ነው።

ፈቃዱን እንዴት ታረጋግጣላችሁ

ማፈር የለም። ሐኪም ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እንደምታዩት ማለት ነው። "ፈቃድዎን ላየው?" በሉ። በሥራው የሚተማመን ሰው አይከፋውም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ወረቀቱን ስትይዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የማን ስም ነው? የሂሳብ አዋቂ ነው የሚለው ወይስ ኦዲተር? የታደሰው መቼ ነው? ሦስተኛው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሲያዩት ከታደሰው አይለይም፤ ያው ፍሬም፣ ያው መስታወት። ቀኑን በዓይናችሁ አንብቡ።

ቀጥሎ ስሞቹን አመሳክሩ። ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ ማህተሙ ላይ ያለው ስም፣ ውሉን የሚፈርመው ሰው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠሙ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከዚያ ቦርዱን ራሱን ጠይቁ። ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ግን ይህን ለማጣራት 275 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። በስልክም በደብዳቤም "ይህ ሰው በዚህ ዓመት ተመዝግቧል ወይ?" ማለት ይቻላል። የፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ከሂሳብ ፋይላችሁ ጋር አስቀምጡ። ነገ ባንክ ወይም ግብር ቢሮ ቢጠይቃችሁ በእጃችሁ አለ።

እዚህ ላይ ልቤ የሚያዝንበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈቃዱ የአንድ ሰው፣ ሥራው የሌላ ሰው የሆነበት ሪፖርት አለ። ፈራሚው ሰነዱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያየው ማህተሙን ብቻ ያውሳል። ወረቀቱ ሕጋዊ ይመስላል። ነገር ሲበላሽ ግን ፈራሚው "አላውቀውም" ይላል፣ ሠሪው ደግሞ ስሙ የትም የለም። ከሐዋሳ ውጭ ያለ ኦዲተር መጠቀም ምንም ነውር የለውም፣ ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ እናስመጣለን። ግን ማን ነው የሚመጣው? ስንት ቀን ይቆያል? ፈራሚው ራሱ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብሎ ያናግራችኋል? ይህን ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

ውሉ፣ ዋጋው፣ ዝምድናው

መዝገቡን የያዘላችሁ ሰው ኦዲት አያድርግላችሁ። ፈቃዱ ሁለቱንም ቢፈቅድለት እንኳ። የራሱን ፈተና ራሱ የሚያርም ተማሪ ይሆናል። የባለሙያዎቹ የሥነ ምግባር ደንብም ይህን እንደ ትልቅ አደጋ ነው የሚያየው። ወንድማችሁ፣ ሚዜያችሁ፣ በድርጅቱ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው፣ ገንዘብ ያበደራችሁ ሰው፣ እነዚህም አይሆኑም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ቀይ መስመር አለ። "ብድሩ ከተለቀቀ ከመቶ ይህን ያህል ትሰጡኛላችሁ" የሚል ኦዲተር ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ። ክፍያው ከውጤቱ ጋር ከታሰረ ፍርዱ ነፃ አይሆንም። ክፍያ በሥራው ስፋትና በሚፈጀው ጊዜ ይቆረጣል፣ አለቀ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የኦዲት ውል ደብዳቤ ይኑራችሁ። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃም ይህን ይጠይቃል። ረጅም መሆን የለበትም። የትኛው የበጀት ዓመት እንደሚመረመር፣ ሂሳቡ በየትኛው ደረጃ እንደተዘጋጀ፣ የናንተ ኃላፊነት ምን እንደሆነ፣ የኦዲተሩ ምን እንደሆነ፣ ክፍያውና ሪፖርቱ የሚደርስበት ቀን ይጻፍበት። አንድ ነገር አስምሩበት፤ ሂሳቡን የማዘጋጀት ኃላፊነት ሁልጊዜ የናንተ ነው። ኦዲተር መቅጠር ይህን ሸክም ከትከሻችሁ አያወርደውም።

ሰኔ 30

አክስቴ በቀጣዩ ዓመት ፈቃድ ያላት ኦዲተር አገኘች። ያቺ ልጅ ያደረገችውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የኦዲትን ሥራ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሰኔ 30 ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ተገኘች። ሽያጭ እንዲቆም አደረገች። የመጨረሻውን የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርና የመጨረሻውን የዕቃ መረከቢያ ቁጥር በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለው ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ነው። አክስቴና ልጆቹ ሲሚንቶውን ሲቆጥሩ አጠገባቸው ቆመች። ሲጨርሱ "ያንን መሃል ያለውን ረድፍ አንሱልኝ" አለች። ከፊት የሚታየው ሙሉ ነው፣ ከኋላ ግን ክፍት ቦታ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ዕቃ ሲወጣ ከኋላ ተጎትቶ ነው። መዝገቡ ግን ሙሉ አድርጎ ነበር የያዘው። ከጣሪያው ጥግ ዝናብ የገባባቸውን ከረጢቶችም በጣቷ ጫን ጫን እያለች ለየቻቸው፤ ድንጋይ ሆነዋል፣ እንደ ደህና ዕቃ በዋጋቸው ሊመዘገቡ አይችሉም።

የቡና መጋዘን ቢሆንም ያው ነው። ስንት ከረጢት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ተመዝኖ ነበር ወይ፣ የናንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው በአደራ የተቀመጠ፣ ለባንክ በመያዣ ተይዟል ወይ፣ ይህ ሁሉ ይጠየቃል።

ስለዚህ ዕቃ የምትነግዱ ከሆናችሁ ኦዲተር የሚፈለገው በጥቅምት ሳይሆን በሰኔ ነው። የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ የሂሳብ መግለጫውን አያይዞ የሚያስታውቅበት ጊዜ እስከ ጥቅምት 30 ነው። ብዙ ሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው መሯሯጥ የሚጀምረው። ያኔ የሰኔ 30ው ዕቃ ተሽጦ አልቋል፣ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቆጥረው አይችልም። መጋዘናችሁን ማንም ሳያይ "ኦዲት ተደርጓል" የሚል ወረቀት ከደረሳችሁ፣ ያ ወረቀት ላይ ጥያቄ አንሱ።

ሪፖርቱን አንብቡት

ሪፖርቱ ሲመጣ ትርፉን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። የኦዲተሩን አስተያየት አንብቡ። አራት ዓይነት ነው። ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ ሂሳቡ በዋና ዋና ጉዳዮች ትክክል ነው ማለት ነው። ነቀፌታ ያለበት ከሆነ "ከዚህ ከዚህ ነገር በስተቀር" ይላል፤ ምክንያቱንም ይዘረዝራል። ተቃራኒ አስተያየት ከሆነ ሂሳቡ እውነቱን አያሳይም ማለት ነው። አራተኛው ደግሞ በቂ ማስረጃ ስላላገኘሁ አስተያየት መስጠት አልቻልኩም የሚል ነው።

አክስቴ ያን ዓመት ያገኘችው ነቀፌታ ያለበት ነበር፤ ያለፈው ዓመት መጨረሻ ዕቃ በኦዲተር ፊት ስላልተቆጠረ። ደነገጠች። ባንኩ ግን ተቀበለው። ምክንያቱ ግልጽ ተጽፏል፣ ፈራሚዋ ትታወቃለች፣ ፈቃዷ የታደሰ ነው። ነቀፌታ ያለበት እውነተኛ ሪፖርት ካማረ ሐሰተኛ ሪፖርት እንደሚሻል ያን ቀን አብረን አየን።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለባንክ አንድ ሂሳብ፣ ለግብር ሌላ ሂሳብ የሚሠራላችሁን ሰው አትቅረቡት። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው" ይላችኋል። ለታክስ ባለሥልጣን ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በታክስ አስተዳደር አዋጁ ወንጀል ነው፤ ፋይሉ ላይ በመጀመሪያ የሚነበበው ስምም የናንተ ነው።

ቅሬታ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ኦዲተሩ ገንዘብ ተቀብሎ ከጠፋ፣ ሳይመረምር ከፈረመ፣ ወይም ፈቃድ ሳይኖረው ኦዲተር ነኝ ካለ፣ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቱ። ውሉን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የሪፖርቱን ኮፒ አያይዙ። በካሽ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ካልተቀበላችሁ ነገሩ ከባድ ይሆናል፣ ስለዚህ ክፍያውን በባንክ አድርጉት።

ፈቃዱን ለምትፈልጉ ወጣቶች

ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ከሌላ የተመረቃችሁ ልጆች ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ዲግሪ ብቻውን ኦዲተር አያደርግም። ዲግሪው በር ነው። ከሱ በኋላ የሙያ ፈተናና በተግባር የተሠራ ልምድ ይጠበቃል።

በኛ ሀገር በብዛት የሚሄዱበት መንገድ ኤሲሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ የሂሳብ ባለሙያዎች ማህበር ማረጋገጫ ነው፤ ቦርዱም ይህን ማረጋገጫ ይቀበላል። እስካሁን በነበረው አደረጃጀት 13 ፈተናዎች አሉት። በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው እንደ ዲግሪው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑት ይነሱለታል። ከፈተናው ሌላ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድና የሥነ ምግባር ሞጁል አለ። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቃችሁም። ስለዚህ ሁሉንም ፈተና በአንዴ አትመዝገቡ። አንድ ፈተና፣ አንድ ክፍያ፣ ካለፋችሁ ቀጣዩ። አባል ከሆናችሁ በኋላም በየዓመቱ 40 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ትምህርት ይጠበቅባችኋል።

እስከዚያው ፈቃድ ባለው ኦዲተር ቢሮ ግቡ። መጀመሪያ ላይ ደመወዙ ከባንክ ቤት ያንሳል። ግን ፋይል አከፋፈት፣ ማስረጃ አሰባሰብ፣ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ረድፍ ማስነሳት የሚለመደው እዚያ ነው። ጎረቤት መጥቶ "አንተ ተምረሃል፣ እባክህ ፈርምልኝ" ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ መዝገብ በመያዝ አግዙት፣ ፊርማውን ግን ፈቃድ ወዳለው ሰው ምሩት። የሥራ ልምድ መዝገባችሁን ደግሞ አለቃችሁ በየሩብ ዓመቱ እንዲፈርምበት አድርጉ። አለቃው ሌላ ከተማ ከሄደ ወይም ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የሦስት ዓመት ሥራን ፈልጎ ማስፈረም ትልቅ መከራ ነው።